ከልጆች ጋር ወደ ሰሜን ዌልስ፦ ስለ ግንቦቹና ስለ ልዩ ማደሪያዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቹን ይዞ ብሪታንያን ለመጎብኘት የሚነሣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ለንደን ገብቶ ከለንደን ይመለሳል። በሰሜን ዌልስ ግን ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ታላላቅ ግንቦች እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ይገኛሉ። ማታም ከተለመደው ሆቴል ወጥቶ በጥንት ቅጥር ማማ ውስጥ ወይም በመንኮራኩር ላይ በቆመች የእረኛ ጎጆ ማደር ይቻላል። ወላጆች ስለዚህ ጉዞ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግንብ በአውሮፓ ሞልቷል፤ ለምን ሰሜን ዌልስ?

ርቀቱ አጭር ስለሆነ ነው። ትንንሽ ልጆች ይዞ በየቀኑ አራት ሰዓት መኪና ውስጥ መዋል ወላጅንም ልጅንም ያስመርራል። እዚህ ከኮንዊ እስከ ካርናርቮን በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በአንግልሲ ደሴት ላይ ያለችው ቦማሪስም ከሁለቱም ሩቅ አይደለችም። ሃርሌክ ብቻ ወደ ደቡብ ወረድ ትላለች። እነዚህ አራት ግንቦች ከኮንዊና ከካርናርቮን የከተማ ቅጥሮች ጋር በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በአንድነት ተመዝግበዋል። ግንብ የሰለቸው ልጅ ካለም ባሕሩ ቅርብ ነው፤ 1,085 ሜትር ከፍታ ያለው የስኖውደን ተራራም እዚያው ነው።

አራቱንም ግንቦች ማየት አለብን?

የለባችሁም። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል። በአንድ ቀን ሁለት ግንብ ማየት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። አዋቂ ሰው ልዩነታቸውን እያነጻጸረ ሊደሰት ይችላል፤ ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ ግንብ ሲያይ የሚታየው ድንጋይ ብቻ ነው። አንዱን ግንብ ሙሉ ቀን ስጡት። ልጆቹ ማማው ላይ ይውጡ፣ ይውረዱ፣ እንደገና ይውጡ፤ ምሳቸውንም ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ይብሉ።

አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባለ ኮንዊን እንመርጣለን። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ከ1283 እስከ 1287 ያስገነባው ይህ ግንብ ስምንት ግዙፍ ክብ ማማዎች አሉት። የግንባታው መሪ ከሳቮይ ምድር የመጣው ማስተር ጄምስ ነበር፤ ወጪውም 15,000 ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ የመንግሥትን ካዝና የሚያራቁት ገንዘብ ነው። ጣሪያዎቹ ዛሬ የሉም፤ ታላቁ አዳራሽ ሰማይ ከላዩ ተከፍቶ ቆሟል። ማማው ጫፍ ላይ ሲወጡ በአንድ በኩል ወንዙ ከባሕር ሲገናኝ፣ በሌላ በኩል ከተማዋ በቅጥሯ ውስጥ ተሰብስባ ትታያለች። ከግንቡ ከወጣችሁ በኋላ የከተማውን ቅጥር ሳትሄዱበት እንዳትመለሱ። 1.3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 21 ማማዎች ያሉት ቅጥር ነው፤ በአብዛኛው ክፍሉ ላይ በነጻ መሄድ ይቻላል። በደቡብ በኩል ከቅጥሩ አናት ወጣ ብለው በተርታ የተሠሩ 12 የድንጋይ መጸዳጃዎች ታገኛላችሁ። የንጉሡ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ናቸው። ልጆች ከነገሥታቱ ታሪክ ሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ይህንን ነው፤ ይያዙት፣ ሌላው ታሪክ በእርሱ በኩል ይገባል።

ካርናርቮን የቤተ መንግሥት ግርማ ያለው ነው። ማማዎቹ ክብ ሳይሆኑ ባለ ብዙ ማዕዘን ናቸው፤ ግድግዳውም የቁስጥንጥንያን ቅጥር እንዲያስታውስ ቀለማቸው በሚለያይ የድንጋይ መስመሮች ተሠርቷል። ኤድዋርድ ሁለተኛ በ1284 የተወለደው እዚህ ነው፤ የዛሬው ንጉሥ ቻርልስም የዌልስ ልዑል ሆነው በ1969 የተሾሙት በዚህ ግቢ ነው። ሃርሌክ ደግሞ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ባሕሩ በዚያ ዘመን እስከ ገደሉ ግርጌ ይደርስ ስለነበር፣ ከላይ የተከበቡት ጠባቂዎች ከመቶ በላይ ደረጃዎች ባሉት መንገድ ከመርከብ ስንቅ ይቀበሉ ነበር። አሁን ባሕሩ ርቆ ሜዳና የአሸዋ ክምር ቀርቷል፤ “ባሕሩ የት ሄደ?” ብሎ ልጆችን መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ቦማሪስ በ1295 ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ፣ በውኃ የተከበበ ውብ ግንብ ነው።

የጎንደርን ግንብ ያየ ልጅ እዚህ ምን አዲስ ነገር ያገኛል?

ግንብ ሁሉ ለአንድ ዓላማ እንደማይሠራ ያያል። ጎንደርን በ1636 ገደማ የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ ግንባቸውን የሠሩት በገዛ አገራቸው ለመንገሥና ለመኖር ነው፤ ተከታዮቻቸውም በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ጨመሩበት። እነዚህ አራት ግንቦች ግን የአሸናፊ ጦር ምሽጎች ናቸው። የዌልሱ ልዑል ሊዌሊን በታኅሣሥ 1282 ከተገደለ በኋላ ኤድዋርድ አገሪቱን ያዘ። በኮንዊ የልዑሉ አያት የታላቁ ሊዌሊን መቃብር ያለበት ገዳም ነበር፤ ንጉሡ መነኮሳቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ግንቡን በዚያ ሥፍራ አቆመ። በቅጥሩ ውስጥ ከእንግሊዝ የመጡ ሰፋሪዎች እንዲኖሩ ሲደረግ የአገሬው ሰው እንዳይሰፍር ተከለከለ።

ይህንን ለልጆች ሳይደብቁ መንገር ይገባል። የግንቡን ውበት ማድነቅና የተሠራበትን ምክንያት ማወቅ አይጣሉም። የዌልስ መሳፍንት ራሳቸው የሠሩትንም አሳዩአቸው፤ ላንቤሪስ አጠገብ፣ ከሐይቁ በላይ የቆመው የዶልባዳርን ክብ ማማ የታላቁ ሊዌሊን ሥራ ነው፤ መግቢያውም ነጻ ነው። ከኮንዊ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ግን ተራሮቹ ከበውት ቆሞ ሲታይ የማን አገር እንደሆነ ይናገራል። የዌልስ ቋንቋም አልጠፋም። በካርናርቮን ገበያ ሰዎች እርስ በርሳቸው በእርሱ ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ፤ ልጆቻችሁ “ዲዮልኽ” ብለው ቢያመሰግኑ የባለ ሱቁ ፊት ሲፈካ ታያላችሁ።

ልዩ ማደሪያ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ልጅ ይዞስ ይሆናል?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በካርናርቮን የከተማ ቅጥር ላይ ያለው የመታጠቢያ ማማ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ቅጥር ማማዎች አንዱ ሲሆን መስኮቶቹ ወደ ሚናይ ወሽመጥ ያያሉ። የሚያከራየው ላንድማርክ ትረስት የተባለ በ1965 የተመሠረተ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ሊፈርሱ የተቃረቡ ታሪካዊ ቤቶችን ያድሳል፣ ከዚያም ለእንግዶች እያከራየ በገቢው ይጠብቃቸዋል። በቤቶቹ ቴሌቪዥን አያስቀምጥም። ወላጆች ይህንን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ እኛ ግን ከጥቅሞቹ አንዱ አድርገን እንቆጥረዋለን። ከጥቅጥቅ ድንጋይ ግድግዳ ኋላ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱ ልጆች የዋሉበትን ግንብ ማታም አይረሱትም። ጠመዝማዛው ደረጃ ግን ለሚድኽና አዲስ እግር ለተከለ ሕፃን አይሆንም፤ ትምህርት ቤት ለደረሱ ልጆች ነው የሚመቸው።

ሁለተኛው ፖርትሜሪየን ነው። አርክቴክቱ ክላፍ ዊሊያምስ-ኤሊስ ከ1925 እስከ 1975፣ ለሃምሳ ዓመት እየጨመረ የሠራው መንደር ነው፤ ቤቶቹ የጣሊያን ባሕር ዳርቻ መንደሮችን ይመስላሉ፣ ሮዝና ቢጫ ቀለም ተቀብተው ከገደሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ሰውየው በሌላ ቦታ ሊፈርሱ የነበሩ ሕንፃዎችን ክፍሎች እየገዛ እዚህ ይተክል ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሪያ የመጣው እንዲህ ነው። ቀን ቀን መንደሩ በጎብኚ ይጨናነቃል። በመንደሩ ቤቶች የሚያድር ሰው ግን ጎብኚው ከወጣ በኋላ አደባባዩም የአትክልት ሥፍራውም ለእርሱ ይቀራሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ እንኳ ቢሆን ያወጣል።

ከዚህ ቀለል የሚለው የእረኛ ጎጆ ነው። ቀድሞ እረኞች በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት ከመንጋው ሳይለዩ የሚያድሩባት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ፣ በብረት መንኮራኩር ላይ የቆመች አንዲት ክፍል ናት። ዛሬ ብዙ ገበሬዎች እንዲህ ያሉትን ጎጆዎች፣ የሞንጎሊያ ዓይነት ክብ ድንኳኖችንና የዛፍ ላይ ቤቶችን ያከራያሉ። ጠዋት በር ሲከፈት በጎች ደጃፍ ላይ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን መጸዳጃው ከውስጥ ነው ከውጭ ብላችሁ ጠይቁ። በሥዕል የምታምር ጎጆ ሁሉ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ እየዘነበ የአራት ዓመት ልጅ “ሽንቴ መጣ” ሲል ትፈተናለች፤ መጸዳጃው ከሜዳው ማዶ ከሆነ ልጁን ጠቅልሎ፣ ባትሪ ይዞ፣ በጭቃ መሄድ ነው። ማሞቂያው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አንሶላና ፎጣ መኖሩንና ቢያንስ ስንት ሌሊት መያዝ እንዳለባችሁም አብራችሁ ጠይቁ።

ሙሉውን ጉዞ በልዩ ማደሪያ መሙላት ግን አይገባም። አንዱን በደንብ መርጣችሁ ጥቂት ሌሊት እደሩበት፤ ለቀሪው ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ተራ ቤት ተከራዩ። በየቀኑ ሻንጣ መጠቅለል የእናትን ዕረፍት ይበላል።

ቤት ሆነው የሚከራዩ የቀድሞ ጸሎት ቤቶች አሉ፤ እዚያ ማደር ይከብደናል። ምን ትላላችሁ?

በዌልስ መንደሮች ምእመን ያጡ ብዙ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ወደ መኖሪያና ወደ እንግዳ ማረፊያ ተለውጠዋል። በአገሩ ልማድ ነውር የለበትም፤ ሕንፃው ከመፍረስ ይድናል ብለው ይደሰታሉ። ሆኖም ቅር የሚለው ሰው ቅሬታውን ይዞ መሄድ የለበትም። ለዕረፍት ወጥቶ ኅሊናን ከሚቆረቁር ነገር ጋር ማደር ምን ይጠቅማል? የንስሐ አባት ያለው ይጠይቅ፤ ካልሆነም ሌላ ማደሪያ አይጠፋም።

ቪዛ እንዴት ነው? የሸንገን ቪዛ ያገለግላል?

አያገለግልም። ዌልስ የብሪታንያ አካል ስለሆነች የሚያስፈልገው የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ይህንን ማውጣት አለበት። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ማመልከቻ ይሞላል። የአሜሪካ ወይም ከአየርላንድ በስተቀር የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ሕፃናትም ያስፈልጋቸዋል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት መያዝ በድንበር ላይ ከሚመጣ ጥያቄ ያሳርፋል። ቪዛው ሳይመጣ የማይመለስ ክፍያ ለማደሪያ አትክፈሉ።

መኪና እንከራይ ወይስ በባቡር?

ልጆቹ ባቡር የሚወዱ ከሆነ በባቡር። ከለንደን ዩስተን ጣቢያ እስከ ላንዱድኖ ጀንክሽን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኮንዊ ከዚያ ቀጥላ ያለች ናት፣ ባቡሩም ከግንቡ ሥር አልፎ ቅጥሩ ውስጥ ይገባል። ከላንዱድኖ ጀንክሽን ሸለቆውን ይዞ የሚወጣው መስመር ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ያደርሳል። እዚያ በ1836 የጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ወደ ወደብ ለማውረድ የተከፈተው የፌስቲኒዮግ ባቡር ይጠብቃል። ሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ ተራራውን እየዞረ ፖርትማዶግ ይወርዳል። ከፖርትማዶግ ሌላ የእንፋሎት ባቡር በተራሮቹ መካከል አቋርጦ ካርናርቮን ግንብ አጠገብ ያደርሳል፤ ወደ ሃርሌክ የሚሄደው የባሕር ዳር መስመርም በፖርትማዶግ በኩል ያልፋል። መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው ለማለት የሚያስደፍር ጉዞ ነው።

መኪና የሚሻለው ማደሪያችሁ ገጠር ከሆነ ወይም ሕፃን ካላችሁ ነው። በውጭ አገር መንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ይፈቀዳል፤ አከራዩ ድርጅት ግን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ። መንገዱ በግራ ነው፤ ፍጥነቱም በማይል ይለካል። ከመስከረም 2023 ጀምሮ በዌልስ መኖሪያ ሠፈሮች መደበኛው ወሰን በሰዓት 20 ማይል ሆኗል። ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። በገጠሩ መንገዱ ከአንድ መኪና ስፋት የማይበልጥበት ቦታ ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳልፋል፣ እጅ አንሥቶ ማመስገንም የአገሩ ወግ ነው።

ለጉዞው የሚሻለው ወቅት የቱ ነው? ጾም ላይ ቢውልስ?

ከሁሉ የሚሻለው ግንቦትና ሰኔ ነው፤ ቀኑ ረጅም፣ ጎብኚው ጥቂት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ማደሪያውም ይወደዳል፤ ለእነዚያ ወራት ታዋቂዎቹን ቤቶች ከወራት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ መጾም ከባድ አይደለም፤ በየሱፐርማርኬቱና በየምግብ ቤቱ “ቪጋን” የሚል ምልክት ያለው ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። ተጠንቀቁ የምንለው ስለ ድንች ጥብስ ነው፦ አንዳንድ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ስለሆነ “በምን ዘይት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅር አይላቸውም። ለሙስሊም ቤተሰቦችም ይኸው ጥያቄ ይጠቅማል፤ ሐላል ሥጋ በትንንሾቹ ከተሞች እንደ ልብ ስለማይገኝ ከለንደን ወይም ከማንችስተር ይዞ መሄድ ይሻላል። ከኢትዮጵያ የምትመጡ ደግሞ ቋንጣና ቅቤ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው።

አያታቸውንም ይዘን ነው የምንሄደው፤ ጉልበታቸው ደከም ብሏል።

ቦማሪስ ሜዳ ላይ ስለሆነ ግቢውን ተዘዋውረው ማየት ይችላሉ። በካርናርቮን በ2023 በተጠናቀቀው እድሳት የንጉሡ በር ላይ አሳንሰር ስለተተከለ ደረጃ ሳይወጡ ከፍ ካለው ቦታ አገሩን ያያሉ። ሃርሌክም ድልድይ ስለተሠራለት መግቢያው እንደ ቀድሞው አያስቸግርም። የማማዎቹ ደረጃ ግን ጠባብ፣ ጠመዝማዛና ያለቀ ነው፤ ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የሕፃን ጋሪ ለሚገፋም አይሆንም። ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ሳትለቁ አውጧቸው።

በለንደን በኩል ስናልፍ ዊንዘርን ማየት እንችላለን?

መቻል ብቻ አይደለም፣ እባካችሁ እዩት። የዊንዘር ቤተ መንግሥት ለሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1868 ከመቅደላ ተወስዶ፣ በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ካረፈ በኋላ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው እዚያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። በጸሎት ቤቱ ውስጥ በስሙ የናስ ሰሌዳ አለ፤ “እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና” የሚለው የወንጌል ቃል ተቀርጾበታል። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። ልጆቻችሁ ከእርሱ ዕድሜ የሚቀራረቡ ከሆነ ታሪኩን ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሰው ይጠይቋችኋል። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ጸሎት ቤቱም እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም።

የመግቢያ ዋጋ እንዴት ይቀንሳል?

አራቱን ግንቦች የሚያስተዳድረው ካዱ የተባለው የዌልስ መንግሥት የቅርስ ተቋም ነው። የቤተሰብ ትኬት አለው፤ ለተወሰኑ ቀናት በሥሩ ያሉትን ቅርሶች ሁሉ የሚያስገባ የጎብኚ ካርድም ይሸጣል። ሁለት ግንብ ብቻ ከሆነ የቤተሰብ ትኬት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱን ከትኬቶቹ ድምር ጋር አስተያዩት። የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት በፊት ነው።

ዝናብ ቢዘንብስ?

ይዘንባል። ተራራማው ሰሜን ዌልስ ከብሪታንያ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጃንጥላ በማማው ነፋስ ላይ አይረባም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ኮፍያ ያለው የዝናብ ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ለልጆች ቅያሪ ካልሲ ያዙ። ግንቡን በዝናብ አትሰርዙ፤ በማማዎቹ ውስጥ መጠለያ አለ፣ ሕዝቡም ይቀንሳል። ከባድ ነፋስ ሲሆን ግን የማማዎቹን አናት ሊዘጉ ስለሚችሉ ያንን ቀን ለእንፋሎት ባቡሩ አድርጉት፤ ለዚህም ሲባል የባቡሩን ትኬት ከመያዛችሁ በፊት የአየር ትንበያውን ማየት ይጠቅማል።